ስፔሻሊቲ ቡና በቤት ውስጥ፦ ከከረጢቱ እስከ ሲኒው

ነገሩ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። አንድ ጥሩ ቡና ቤት ገብታችሁ ስፔሻሊቲ ቡና ትቀምሳላችሁ። የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፤ መጨረሻው ላይ ማር ማር ይላል። ደስ ብሏችሁ ያንኑ ቡና በከረጢት ገዝታችሁ ወደ ቤት ትወስዳላችሁ። ጠዋት ተነስታችሁ ስታፈሉት ግን ብርቱካኑም የለ፣ ማሩም የለ። መራራ፣ ቀጭን፣ እንዲሁ ቡና የሚባል ነገር ብቻ።

ቡናው አልተቀየረም። ጥራቱ ማሳው ላይ፣ ማድረቂያ አልጋው ላይና መቁያው ውስጥ አልቆ የመጣ ነው። ቤት ውስጥ ማናችንም ምንም አንጨምርበትም። ማፍሰስ ግን እንችላለን። ትንሽ አቀማመጡ ላይ፣ ትንሽ መፍጫው ላይ፣ ትንሽ ውሃው ላይ እያፈሰስን ሲኒው ጋ ስንደርስ እጃችን ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚያወራው ጣዕሙን መንገድ ላይ ስላለማፍሰስ ነው። ውድ ማሽን አያስፈልግም። ጥሩ መፍጫ፣ ሚዛንና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

ከዚያ በፊት ስለ ስሙ ሁለት መስመር። "ስፔሻሊቲ ቡና" የሚለውን ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1974 ያስተዋወቀችው ኤርና ክኑትሰን የተባለች የቡና ነጋዴ ናት። የበቀሉበት ቦታና አየር ንብረት የተለየ ጣዕም የሰጣቸውን ቡናዎች ለመለየት ነበር የተጠቀመችበት። በኋላ ቃሉ መለኪያ ወጣለት። የሠለጠኑ ቀማሾች ቡናውን ከ100 ነጥብ ይሰጡታል፤ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘው ስፔሻሊቲ ይባላል። ጥሬ ፍሬውም ይፈተሻል። በ350 ግራም ናሙና ውስጥ እንደ ጥቁር ወይም የሻገተ ፍሬ ያለ ከባድ ጉድለት አንድም መገኘት የለበትም፤ ቀላል ጉድለት ደግሞ ከ5 አይበልጥም። ችግሩ "ስፔሻል" ብሎ ከረጢት ላይ ማተም ማንንም አለመከልከሉ ነው።

ደረጃ 1፦ ከረጢቱን ማንበብ

ከረጢቱን አንሱና መጀመሪያ አንድ ነገር ፈልጉ፦ የተቆላበት ቀን። "ከዚህ ቀን በፊት ይጠቀሙ" የሚለውን አይደለም የምላችሁ። እሱ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ወደፊት ይጻፋል፤ ስለ ጣዕሙ የሚነግራችሁ የለም። የተቆላበት ቀን ካልተጻፈ እኔ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ያስቆላው ሰው ቀኑን መጻፍ ካልፈለገ ምክንያት አለው።

ቀጥሎ የመጣበትን ቦታ እዩ። በጠበበ ቁጥር ይሻላል። "የአፍሪካ ቡና" ብሎ የሚያልፍ ከረጢትና "ኢትዮጵያ፣ ይርጋጨፌ" ብሎ የማጠቢያ ጣቢያውን ስም ጭምር የጻፈ ከረጢት አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ቡናው ከየት እንደተነሳ የሚያውቅ ሰው አለው። ቅይጥ ቡና መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለኤስፕሬሶ ተብለው የሚቀየጡ በጣም ጥሩ ቡናዎች አሉ። ግን ጣዕም መለየት ለመማር የአንድ ቦታ ቡና ይሻላል።

ለምላሳችሁ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ግን አዘገጃጀቱ ነው። እዚህ ላይ ቆም እንበል።

የታጠበ ቡና የሚባለው እሸቱ ተፈልፍሎ፣ አጣባቂው ሽፋን በመብላላት እንዲለቅ ተደርጎ፣ ከዚያ በውሃ ታጥቦ የደረቀው ነው። ጣዕሙ ንጹህ ነው። የሎሚ፣ የብርቱካን፣ የአበባ ነገር ካለው ጥርት ብሎ ይወጣል። ያልታጠበው፣ ማለትም ደረቁ ቡና፣ እሸቱ ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ የደረቀው ነው። ፍሬው ለሳምንታት ከጣፋጩ ሥጋ ጋር ስለሚቆይ እንጆሪ እንጆሪ፣ አንዳንዴም ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ይላል። አፍ ውስጥም ወፈር ይላል። ሃኒ የሚባለው መሀል ላይ ነው፦ ልጣጩ ተነስቶ አጣባቂው ሽፋን ሳይታጠብ ይደርቃል። በስሙ እንዳትታለሉ፤ ማር የሚባል ነገር አልነካውም። አናኤሮቢክ የሚል ካያችሁ ቡናው አየር በማይገባበት በርሜል ወይም ታንከር ውስጥ ተብላልቷል ማለት ነው። ጣዕሙ ይጮኻል። የሚወዱት አሉ፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ምክንያቱም መብላላቱ ከቡናው በላይ ስለሚያወራ አፈላላችሁ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት ያስቸግራል።

ከፍታውም ይጻፋል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል እሸቱ ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ፍሬው ጠንካራና ጣዕሙ የበዛ ይሆናል። ከ1,800 ሜትር በላይ የሚል ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ ግን በቁጥሩ ብቻ አትፍረዱ። ከምድር ወገብ በራቀ ቦታ 1,200 ሜትርም ቀዝቃዛ ነው።

ዝርያው ለጀማሪ ብዙም አያሳስብ። ጌሻ የሚለውን ግን ደጋግማችሁ ታዩታላችሁ። ስሙ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካለው ጌሻ የመጣ ነው፤ ዓለም ያወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ፓናማ ውስጥ በተደረገ ውድድር ካሸነፈ በኋላ ነው። የጃስሚን አበባ የመሰለ ሽታ አለው። ዋጋውም እንደ ዝናው ነው። መፍጫችሁ ጥሩ ካልሆነ ገንዘባችሁን አትጨርሱበት።

ስለ አቆላሉ፦ ፈካ ብሎ የተቆላ የፍሬውን የራሱን ጣዕም ያሳያል፤ ጠቆር ያለው የመቁያውን ጣዕም፣ ማለትም ቸኮሌት፣ ጭስና ምሬት ያመጣል። ፍሬው ላዩ በዘይት የሚያብለጨልጭ ከሆነ ወይ በጣም ጠቁሯል ወይ አርጅቷል። አልፎ አልፎ ሁለቱንም ነው።

ከረጢቱ ላይ "እንጆሪ፣ ጥቁር ሻይ፣ ካራሜል" ተብሎ የተጻፈውን ደግሞ እንደ ቅመም ዝርዝር አታንብቡት። የተጨመረ ነገር የለም። ቀማሹ ቡናውን ሲቀምስ የታወሰው ነው። እናንተ ላይመጣላችሁ ይችላል፤ ችግር የለውም። እንደ አቅጣጫ ጠቋሚ ብቻ ያዙት። የፍራፍሬ ስም ከበዛ ጎምዘዝ ይላል፤ የቸኮሌትና የለውዝ ስም ከበዛ ረጋ ያለ ነው።

መጠኑን በልክ ግዙ። 250 ግራም ቡና በ15 ግራም ሂሳብ 16 ሲኒ ይወጣዋል። በቀን አንዴ ለሚጠጣ ሰው ሁለት ሳምንት ማለት ነው። ኪሎ ስለረከሰ ብሎ መግዛት መጨረሻው ያረጀ ቡና መጠጣት ነው። ደግሞ ሁሌም ያልተፈጨውን ውሰዱ።

ደረጃ 2፦ ማሳረፍና ማስቀመጥ

ትኩስ ቡና ሁሌም ጥሩ ነው የሚል እምነት አለ። ግማሹ እውነት ነው። ቡና ሲቆላ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል። ይህ ጋዝ ለቀናት ቀስ እያለ ይወጣል። ትናንት በተቆላ ቡና ላይ ሙቅ ውሃ ብታፈሱ ጋዙ ውሃውን እየገፋ አላስጠጋ ይለዋል፤ ጣዕሙም አይወጣም፤ ሲኒው የተሳለ፣ ያልረጋ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ፈካ ብሎ የተቆላውን ከ7 እስከ 14 ቀን አሳርፉት። ጠቆር ላለው 4 ወይም 5 ቀን ይበቃል። ከዚያ በኋላ እስከ አንድ ወር ገደማ ጥሩ ጊዜው ነው። ከረጢቱ ላይ ያለችው ትንሽ ቫልቭ ሥራዋ ይኸው ነው፤ ጋዙን ታስወጣለች፣ አየር አታስገባም። (ሱቅ ውስጥ ከረጢቱን ጨመቅ አድርጎ በቫልቩ ማሽተት የኔ ሱስ ነው። ሻጮች ባይወዱትም።)

የቡና ጠላቶች አራት ናቸው፦ አየር፣ እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን። ምድጃ አጠገብ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የመስታወት ማሰሮ ያምራል፤ ግን ሦስቱን ጠላቶች በአንዴ ይጋብዛል። ቡናውን በራሱ ከረጢት ውስጥ ተዉት፣ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡ፣ አፉን አጥፋችሁ ዝጉ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። በቃ። ልዩ ቆርቆሮ መግዛት ከፈለጋችሁ ክዳኑ አየር የሚያስወጣውን ምረጡ።

ፍሪጅስ? እኔ ከፍዬ የተማርኩትን ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ውድ የሆነ የታጠበ ቡና ገዛሁና "እንዳይበላሽብኝ" ብዬ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። አፉን በላስቲክ ብቻ ነበር ያሰርኩት። ጎኑ ግማሹ የተከተፈ ሽንኩርት ነበር። በሦስተኛው ቀን አፈላሁት። ከረጢቱ ላይ ጃስሚን ይላል፤ አፍንጫዬ ሽንኩርት ይላል። ቡና ሽታ ይስባል። በዚያ ላይ ባወጣችሁት ቁጥር ቀዝቃዛው ፍሬ ላይ ጤዛ ይይዛል። ስለዚህ ፍሪጅ አይሆንም።

ፍሪዘር ግን ሌላ ነገር ነው፤ በአግባቡ ከተያዘ ለወራት ያቆያል። አግባቡ እንዲህ ነው። ቡናው ካረፈ በኋላ የአንድ የአንድ ጊዜውን፣ ለምሳሌ 15 ግራም 15 ግራም፣ አየር በማያስገባ ትንሽ ላስቲክ ወይም ብልቃጥ ከፋፍሉ። አየሩን አስወጡ። ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት። ስትፈልጉ አንዱን ብቻ አውጥታችሁ እንደቀዘቀዘ ወዲያው ፍጩት፤ አይጎዳም። ያልተከፋፈለ ሙሉ ከረጢት ከሆነ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍቱት ጠብቁ፤ ከዚያ በኋላ መልሳችሁ አታስገቡት።

ደረጃ 3፦ መፍጨት

ገንዘባችሁን የምታወጡበት አንድ ቦታ ምረጡ ብትሉኝ መፍጫው ነው እላለሁ። ማንቆርቆሪያውም፣ ማጥለያውም ይቆይ።

ሁለት ዓይነት መፍጫ አለ። አንደኛው እንደ ጁስ መፍጫ በሚሽከረከር ምላጭ የሚቆራርጠው ነው። ርካሽ ነው፤ ግን ፍሬውን እንደደረሰበት ስለሚመታው ግማሹ ዱቄት፣ ግማሹ ጠጠር ይሆናል። ውሃ ሲፈስበት ዱቄቱ ቶሎ ተሟጦ ምሬት ያወጣል፤ ጠጠሩ ደግሞ ገና ጎምዛዛ ላይ ነው። አንድ ሲኒ ውስጥ ያልበሰለና ያረረ ታገኛላችሁ። በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያየነው ስም የለሽ ጣዕም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁለተኛው ባለ ጥርስ መፍጫ ነው። ሁለት ጥርሳም ብረቶች ወይም ሴራሚኮች ተቀራርበው ፍሬውን በመሀላቸው ይሰብሩታል። ርቀታቸውን ስታስተካክሉ የአፈጫጨቱ መጠን ይስተካከላል። ለቤት በእጅ የሚዞረው ከበቂ በላይ ነው። በተመሳሳይ ገንዘብ ከኤሌክትሪኩ የተሻለ ጥርስ ይሰጣል፤ የሚያስከፍላችሁ የአንድ ደቂቃ ክንድ ነው።

የአፈጫጨት መጠን በጣት ይታወቃል። ለፍሬንች ፕሬስ (ቡናው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ወንፊት ባለው መግፊያ የሚጠለልበት ዕቃ) ሻካራ ጨው፣ ለወረቀት ማጥለያ ደቃቅ አሸዋ፣ ለሞካ (ምድጃ ላይ የሚጣደው የብረት ማፍያ) ከገበታ ጨው ትንሽ የላመ። የፈጫችሁትን በጣታችሁ ቆንጥሩና አሹት፤ ሁለት ሳምንት ካደረጋችሁት እጃችሁ ራሱ ይናገራል።

ልትጠጡ ስትሉ ብቻ ፍጩ። ቡና ሲፈጭ ከአየር ጋር የሚነካካው ገጽ ስለሚበዛ ሽታው ዓይናችሁ እያየ ነው የሚሄደው። ሲፈጩት ቤቱን የሚሞላው ያ ሽታ ሲኒው ውስጥ መግባት የነበረበት ነው። አንዲት ነገር ልጨምር፦ ከመፍጨታችሁ በፊት ፍሬው ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ውሃ አርከፍክፋችሁ አማስሉት። ዱቄቱ መፍጫው ግድግዳ ላይ መለጠፉን ይተዋል።

ደረጃ 4፦ ውሃውና ሚዛኑ

በወረቀት የተጠለለ ቡና ከ98 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ውሃችሁ ክሎሪን ክሎሪን የሚል ከሆነ ቡናችሁም ይላል። የካርቦን ማጣሪያ ያለው ጆግ ይህን ይፈታል። ከባዱ ነገር ማዕድኑ ነው። ማግኒዥየምና ካልሲየም ጣዕሙን ከቡናው ለማውጣት ያግዛሉ፤ ስለዚህ ጭራሽ ማዕድን የሌለው ዲስቲልድ ውሃ ጠፍጣፋ ቡና ይሰጣል። ከበዛ ደግሞ፣ በተለይ ባይካርቦኔቱ፣ የቡናውን ደስ የሚል ጎምዛዛነት ይገድለዋል። የቡና ባለሙያዎች በአንድ ሊትር ወደ 150 ሚሊግራም የሚሆን የሟሟ ማዕድንን እንደ ጥሩ ማዕከል ይይዛሉ፤ የታሸገ ውሃ ጀርባ ላይ ይጻፋል፣ አንብቡት። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ቶሎ የሚሠራ ከሆነ ውሃችሁ ከባድ ነው። አነስተኛ ማዕድን ካለው የታሸገ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅላችሁ ሞክሩ።

ሙቀቱ ለፈካ አቆላል ከ93 እስከ 96 ዲግሪ፣ ለጠቆረው ከ85 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ አታስቡ፤ የተለመደው ምክር ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ጠብቁ የሚል ነው። ከፍ ያለ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ግን ውሃው በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል፤ 2,400 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ተንፈቅፍቆ አበቃ። እዚያ ላላችሁ "ከፈላ በኋላ አንድ ደቂቃ ጠብቁ" የሚለው ምክር አይሠራም። እንደፈላ አፍስሱት።

በማንኪያ መስፈርን ደግሞ እዚሁ እንተወው። ፈካ ብሎ የተቆላ ፍሬ ይከብዳል፣ የጠቆረው ይቀላል፤ አንድ ማንኪያ ሁለት የተለያየ ክብደት ነው። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ግዙ፤ የግራም ነጥብ የሚያነብ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ። መነሻችሁ 1 ለ16 ይሁን፦ ለ1 ግራም ቡና 16 ግራም ውሃ። ለ15 ግራም 240 ግራም ማለት ነው። የዓለም አቀፉ የስፔሻሊቲ ቡና ማኅበር (SCA) መነሻ በሊትር 55 ግራም ነው፤ ይህም 1 ለ18 ይጠጋል። ለኔ ትንሽ ይቀጥንብኛል።

ደረጃ 5፦ ማፍላት

ማፍላት እላለሁ እንጂ ከሞካ በቀር ቡናው እሳት አያይም። የወረቀት ማጥለያውን በዝርዝር አሳያችኋለሁ፤ እሱን የቻለ ሌላው አይከብደውም። በነገራችን ላይ ወረቀቱን የፈጠረችው ሜሊታ ቤንትስ የተባለች ጀርመናዊት የቤት እመቤት ናት። የቡና አተላ አፏ ውስጥ መግባቱ ቢያስመርራት የነሐስ ዕቃ በሚስማር በስታ፣ የልጇን ደብተር ቀለም መምጠጫ ወረቀት አነጠፈችበት። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1908 ነበር። ዛሬ በየቤቱ ያለው ቪ60 የሚባለው ሾጣጣ ማጥለያ የዚያው የልጅ ልጅ ነው።

ውሃ ጣዱ። ወረቀቱን አጥፋችሁ ሾጣጣው ውስጥ አስገቡና በሙቅ ውሃ አርጥቡት፤ የወረቀት ጣዕሙ ይሄዳል፣ ዕቃውም ይሞቃል። ያንን ውሃ ድፉት። ይቺን መድፋት ስንቴ እንደረሳሁ አልነግራችሁም።

15 ግራም ፍጩ፣ ጨምሩ፣ ዕቃውን ነቅነቅ አድርጋችሁ ላዩን ደልድሉት። ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ሰዓቱን አስጀምሩና 45 ግራም ውሃ ሁሉም ቦታ እንዲዳረስ በክብ አፍስሱ። አሁን ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱት። ቡናው እንደ ሊጥ ያብጣል፤ ላዩ ይሰነጠቃል፤ ትናንሽ አረፋዎች ፈቅ ፈቅ እያሉ ይፈነዳሉ። ጋዙ እየወጣ ነው። ካላበጠ ቡናው አርጅቷል። ሾጣጣውን ያዝ አድርጋችሁ አንድ ሁለቴ አዙሩት፤ ደረቅ የቀረ ጉብታ እንዳይኖር።

45 ሰከንድ ላይ ቀስ ባለ፣ ባልተቋረጠ ቀጭን ፍሰት እስከ 150 ግራም ድረስ ጨምሩ። ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ወደ መሀል። ወረቀቱ ግድግዳ ላይ አታፍስሱ፤ ውሃው ቡናውን ሳይነካ በአቋራጭ ይወርዳል። ወረድ ሲል፣ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ አካባቢ፣ ቀሪውን እስከ 240 ግራም አፍስሱ። አንዴ ቀስ አድርጋችሁ ዕቃውን አዙሩና ተዉት። ጠቅላላ ሰዓቱ ከ2 ደቂቃ ተኩል እስከ 3 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ውስጥ ከጨረሰ ጥሩ ነው። ውሃው ሲያልቅ አተላው ሜዳ ሆኖ ከተኛ አፈሳሰሳችሁ እኩል ነበር። አንድ ጎን ተቆፍሮ ካያችሁት እጃችሁ አድልቷል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ለፍሬንች ፕሬስ 30 ግራም ጎርበጥ ተደርጎ የተፈጨ ቡና፣ 500 ግራም ውሃ። 4 ደቂቃ ጠብቁ፣ ላዩ ላይ የተጋገረውን በማንኪያ አማስሉ፣ አረፋውን ግፈፉ። ከዚያ ተጨማሪ 5 ደቂቃ ተዉት፤ አተላው ይዘቅጣል። መግፊያውን እስከ ታች አትጫኑ፤ የዘቀጠውን ነው የምትቀሰቅሱት። ኤሮፕሬስ፣ ማለትም ቡናውን በእጅ እየገፉ በወረቀት የሚያጠልሉበት የፕላስቲክ ቱቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ነው፤ የፈጠረው አላን አድለር ከዚያ በፊት የታወቀው በሚወረወር የቀለበት መጫወቻ ነበር። 15 ግራም፣ 220 ግራም ውሃ፣ ማማሰል፣ 2 ደቂቃ፣ በዝግታ መጫን። ለጉዞም ለቢሮም እሱ ነው። ሞካ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀዝቃዛ ውሃ አስገብቶ ከፍተኛ እሳት ላይ መጣዱ ነው፤ ቡናው እየጠበቀ ያራል። የሞቀ ውሃ ጨምሩ፣ ቡናውን አትጠቅጥቁ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ማንኮራፋት ሲጀምር አውርዱ።

ደረጃ 6፦ ቀምሶ ማስተካከል

መመሪያ የሚያደርሰው እዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ምላስ ነው የሚመራው። ሁለት ጣዕሞችን መለየት ይበቃችኋል። ምላስ ጎንና ጎን የሚወጋ፣ ሎሚ የነከሱ የሚያስመስል፣ ሲዋጥ ባዶ የሚቀር ጎምዛዛ ካለ ጣዕሙ ገና አልወጣም። ይበልጥ አልማችሁ ፍጩ። ምላስ የሚያደርቅ፣ ብዙ የቆየ ሻይ የመሰለ ምሬት ካለ ደግሞ ከሚገባው በላይ ወጥቷል። ጎርበጥ አድርጋችሁ ፍጩ። ምርጡ ጎምዛዛ በስኳር የተያዘ ይመስላል፤ እንደ ብስል ብርቱካን።

በቅርቡ አንድ ፈካ ያለ የታጠበ ቡና ከፈትኩ። የመጀመሪያው ጠዋት ውሃው በ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ፈስሶ አለቀ፤ ጎምዛዛነቱ ፊቴን አጨማደደው። በማግስቱ ይበልጥ እንዲያልም መፍጫውን ሦስት ቁጥር አወረድኩት፤ ሌላ ምንም አልነካሁም። 2 ደቂቃ ከ40፤ ጣፋጭነት መጣ። ስግብግብ ሆንኩና በሦስተኛው ቀን ሌላ ሦስት ቁጥር አወረድኩ። ውሃው ላዩ ላይ ኩሬ ሠርቶ ቆመ፣ 4 ደቂቃ ከ10 ፈጀ፣ ምላሴ ደረቀ። አራተኛው ቀን ሁለት ቁጥር መለስኩት። 3 ደቂቃ። ሲኒው ለብ ሲል ብርቱካኑ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ለብ ሲል ነው ያልኩት፤ የሚያቃጥል ቡና ላይ ምንም አይቀመስም፣ ታገሱት።

ከዚህ የምትወስዱት አንድ ነገር በአንድ ጊዜ መቀየርን ነው። አፈጫጨቱንም፣ ውሃውንም፣ ሙቀቱንም በአንድ ጠዋት ከነካካችሁ የቱ እንዳስተካከለው አታውቁም። ቁጥሩን ከረጢቱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት፤ ጠዋት ላይ ጭንቅላት አይታመንም።

ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። ጣዕሙ ሚዛኑን ጠብቆ ግን ቀጭን ከሆነባችሁ አፈጫጨቱን ተዉትና ውሃውን ቀንሱ፤ 1 ለ15 ሞክሩ። ከከበዳችሁ 1 ለ17። መወፈርና መምረር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቡናው ቀጠነ ብሎ አፈጫጨቱን ማላም ቀጭንም መራራም የሆነ ሲኒ ያስገኛል።

ሁሉን አድርጋችሁ የሆነ የቆየ፣ የዘይት ሽታ የሚመስል ነገር ካልጠፋ ዕቃውን እዩ። የቡና ዘይት መፍጫው ጥርስና ፍሬንች ፕሬሱ ወንፊት ላይ ተለጥፎ ይበላሻል። የምትችሉትን በሳሙና እጠቡ። መፍጫውን ግን ውሃ አታስነኩ፤ በየሁለት ሳምንቱ ፈታ አድርጋችሁ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት።

ከረጢቱ መጨረሻ ላይ ሁሌ 9 ወይም 11 ግራም ይተርፋል። ከአዲሱ ከረጢት ጋር አትቀላቅሉት። በ16 አባዙት፤ ለ9 ግራም 144 ግራም ውሃ ይሆናል። አንድ ቁጥር ይበልጥ አልማችሁ ፍጩ፣ ምክንያቱም ቀጭን ንጣፍ ላይ ውሃው ቶሎ ያመልጣል። ትንሽ ሲኒ ትወጣዋለች።